የግራ እጅ ስፌት

አማቴን ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን እኔና ወረቀቱ ብቻ ነንና «እሷ» ብላት ሰማይ አይደፋም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ይህንንም አልደፍረው ነበር። ያኔ ስለ አማቴ ክፉ የሚያወራ ሰው ብሰማ የጋለ ካውያ ይዤ ከሱቅ የምወጣ ሴት ነበርኩ።

ልብስ ሰፊ ናት። ከተማው «ሜትር» ይላታል፤ የልክ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ሳይንጠለጠል የታየችበት ቀን የለም። ባሌ እንደሚለው፣ ሕፃን ሳለ አቅፋ ስታስተኛው እንኳ የሜትሩ ጫፍ አፍንጫውን ይኮረኩረው ነበር። ሱቋ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ ያለችው ባለ ሁለት ክፍሏ ናት። ከፊት ሁለት የስፌት መኪናና ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ደንበኞች ልክ የሚሞክሩበት መስታወትና የእኔ የመተኮሻ ጠረጴዛ። እዚያች ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስተኩስ፣ ስዘመዝም፣ ቁልፍ ስተክል።

የትንሽ ከተማ ልብስ ሰፊ ሐኪሙ የማያውቀውን ታውቃለች። ማን እንዳረገዘች ከባልየው ቀድማ ታውቃለች። የማን ትከሻ በጥጥ የተሞላ እንደሆነ፣ የትኛው ኃላፊ ሱሪውን በየሦስት ወሩ እንደሚያስለቅቅ፣ የትኛዋ እመቤት የእህቷን አሮጌ ቀሚስ ገልብጣ አሰፍታ «ከውጭ ነው የመጣልኝ» እንደምትል፣ ሁሉም እሷ ጋ አለ። አማቴ ትለካለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ አፏን ትዘጋለች። «የሰው ገላ አደራ ነው» ትለኝ ነበር። ገባኝ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ከዚያች ሴት የተማርኩት ትልቁ ነገር ስፌት ሳይሆን ይህ ነው ብዬ ለሰው እናገር ነበር።

እኔ በጠባይ ሌላ ነኝ። አፌ አያርፍም። ደንበኛ ካልሳቀች ልብሱ ልኳ የሚሆን አይመስለኝም። ነገር ግን ቀልድ ሌላ፣ ምስጢር ሌላ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ አንዲት ነገር ይዤ አልወጣሁም። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ የከተማው ሰው ልብ አላለልኝምና።

ባሌ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል። እናቱ ይህን እያየች «እሱ ከመሪ በቀር የሚይዘው ነገር የለም፤ ይህ ሱቅ ያንቺ ነው» ትለኝ ነበር። እንዲሁ አፏ ላይ የመጣላት አይደለም። አንዴ ታማ ተኝታ ሳለች፣ አንዴ በእህቷ ፊት፣ አንዴ ደግሞ በሩን ቀለም እየቀባን ብላኛለች። እኔም በልቤ ሱቁን ወስጄዋለሁ። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዞረዋለሁ፣ መጋረጃውን እቀይረዋለሁ እያልኩ ስተኩስ እውል ነበር። ወላጆቼ ምንም አልተዉልኝም፤ በዚህ ዓለም የኔ የሚሆነው ነገር ያ ሱቅ ብቻ ነበር።

በዚያው መንገድ፣ ከእኛ ስድስት በር አልፎ፣ ሌላዋ ልብስ ሰፊ አለች። እሷን «ቀጥ በዪ» ይሏታል፤ ልክ ስትለካ ጎበጥ ያለችውን ደንበኛ ሁሉ «ቀጥ በዪ!» እያለች ስለምትጮህባት። እሷና አማቴ በወጣትነታቸው ሙያውን የተማሩት ከአንድ ሰፊ ዘንድ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው። ከዚያ አንዷ የሌላዋን የመጀመሪያ ቀሚስ «የድንች ጆንያ» አለች። ማን እንዳለች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሁለቱም «እኔ ነኝ የተባልኩት» ይላሉ። በዚያች ጆንያ ሠላሳ ዓመት ተኮራርፈው ኖሩ። አንዷ በምታልፍበት ሌላዋ መንገድ ትሻገራለች። ከተማውም እሳትና ጭድ ናቸው ብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ የሜትር ደንበኛ፣ የቀጥ በዪ ደንበኛ። እኅትማማቾች እንኳ በዚህ የተቀያየሙ አውቃለሁ።

ጉዱ የጀመረው ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ከሰዓት ነው። አማቴ ድንገት «ሂጂና ጥቁር ክር ግዢ» አለችኝ። መሳቢያው ጥቁር ክር ሞልቶታል። «ኧረ አለን» ብል ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ወጣሁ። ስመለስ የጓሮው በር ጋ ወለሉ በጭቃ ጫማ ተረግጧል፣ አማቴ ደግሞ የእኛ ያልሆነ ጥቁር ካፖርት ይዛ ቆማለች። የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ተገጥሟል።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የቀጥ በዪ» አለች። «ዓይኗ ሄዷል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። የሴትዮዋ ዓይን መጥፋት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣትም። ነጭና ብሩህ ጨርቅ ገና ይታያታል። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ግን አበቃ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ አንድ ሽባ ወንድም አላት፣ በእሷ እጅ የሚያድር። ዓይኗ መታመሙን ከተማው ካወቀ ጨርቁን የሚሰጣት አንድ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያኮረፈቻት ሴት በር ላይ መጣችና «ይቺን አንዲት ካፖርት ብቻ» አለቻት። አንዲት ካፖርት አራት ዓመት ሆነች።

ሥራውን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ሁለት አንድ ዓይነት ትልልቅ ሰማያዊ የዳቦ ቦርሳ ሰፋን። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት ስንገናኝ ቀጥ በዪ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ ታስቀምጣለች፣ እኔም ከጎኑ የኔን። ዳቦውን ተቀብለን ስንወጣ እሷ የኔን ታነሣለች፣ እኔ የእሷን። ከላይ ዳቦ፣ ከሥር ተቆርጦ የታጠፈ ልብስ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ አልነቃም። የሐኪሙ ሚስት ሐር ቀሚስ አንድ ሳምንት ሙሉ ትኩስ ዳቦ ይሸት ነበር፤ ሴትዮዋ ግን አዲስ ሽቶዋ እየመሰላት ኮራች።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ቀጥ በዪ ግራኝ ናት። ግራኝ የዘመዘመው የልብስ ግርጌ ክሩ ወደ ሌላ ጎን ያዘነብላል፤ ገልብጦ ላየው ሰው ሁሉ የእሷ እጅ ይታወቃል። ስለዚህ አማቴ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ በግራ እጅ መስፋት ተማረች። ጣቶቿን እየወጋች፣ እየረገመች፣ ደሟ ጨርቁን እንዳይነካ እየመጠጠች። አንዳንዴ ሥራውን ጨርሳ ቀና ስትልና «አየሽ? ራሷ እንኳ ካልነገሯት አትለየውም» ስትለኝ ፊቷ ላይ የማየው ኩራት፣ በራሷ ስም ለሰፋችው ልብስ አይቼው አላውቅም።

ጠቡን ደግሞ ጨመሩበት፣ ለይምሰል። ቀጥ በዪ በራችን ላይ ስታልፍ «አሁንም ጆንያ ነው የምትሰፊው?» ብላ ትጮኻለች። አማቴ «ላንቺ አንሶሽ ነው!» ትላታለች። መንገደኛው ይስቃል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በቀጥ በዪ ቦርሳ የመጣውን ጃኬት እየተኮስኩ አፌን በእጄ እይዛለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ዘመን የለም። የሦስት ሴቶች ምስጢር ነበረኝ፤ ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ።

አራተኛዋን ያመጣችው አማቴ ናት። አብሮ አደጓ የሆነች ጡረታ የወጣች የሥነ ጽሑፍ መምህር አለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት መጥታ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ አማቴ እየሰፋች ያወራሉ። እኔ ሻይ አቅርቤ ወደ ካውያዬ እመለሳለሁ። አንድ ሐሙስ ሻዩን ይዤ ስገባ ዝም አሉ። የአማቴ ዓይን ቀልቷል። መምህሯ እጇን ይዛታለች። ጉልበቷ አሟት ነው ብዬ ላሽላት አሰብኩ፤ ሞኝ!

አሁን ሳስበው አልፈርድባትም፤ ማለቴ ምስጢሩን ለመምህሯ በመንገሯ። ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ መልካም ሥራ ሲሠራ አንድም ሰው ካላወቀለት ያንቀዋል። እኔ አውቅላት ነበር፤ ግን እኔ ምራቷ ነኝ፣ የቤት ዕቃ ነኝ። ከውጭ የሆነ፣ የተማረ ሰው «አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ!» እንዲላት ፈለገች። አላትም። ከዚያ መምህሯ ቤቷ ሄዳ ጻፈችው።

መጽሐፉ ከዓመት በኋላ ወጣ። ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ምስጢርና ፉክክር የሚያወራ ወፍራም ልቦለድ ነው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተመረቀ፤ ሳር ቅጠሉ ገዛው። አንብቦ የማያውቅ ሁሉ ሲያነብ ሰነበተ፤ መጀመሪያ የሚፈልገው ደግሞ ራሱን ነው። ራሱን ያገኘ ተቆጣ፤ ያላገኘ የበለጠ ተቆጣ። ፋርማሲስቱ «እኔ በዚህ ከተማ ሰው አይደለሁም ማለት ነው?» ብሎ ለሁለት ቀን ተኮሳተረ።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት ልብስ ሰፊዎች አሉ። ጠበኞች ናቸው። የአንዷ ዓይን ይጠፋል፣ ሌላዋ ደብቃ ትሰፋላታለች። የዳቦ ቦርሳው አለ። የግራ እጁ አለ። ሽባው ወንድም ብቻ ሽባ አባት ሆኗል። አማቴን ደግሞ ረጅም አድርጋታለች፤ ለሃምሳ ዓመት ወዳጅነት ያደረገችላት ውለታ ይኸው ነው።

ያ ምዕራፍ በከተማው በተነበበ ማግስት ዳቦ ቤት ስገባ ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች የቀሚሳቸውን ግርጌ እየገለበጡ ይተያያሉ። ክሩ በየት በኩል እንዳዘነበለ ነው የሚያዩት። አብዛኛው ወደ ግራኝ ጎን ነበር፤ አማቴ ጎበዝ ናት። የፋርማሲስቱ ሚስት ካፖርት ግን ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ሆኖ ተገኘ። አስታወስኩት፤ ያን ቀን አማቴ ትኩሳት ነበረባት፣ መሐል ላይ ረስታ ወደ ለመደችው እጇ ተመለሰች። እኔም ስተኩሰው አላየሁትም። ሴትዮዋ ካፖርቱን ከፍ አድርጋ ይዛ «እዩት! ከዚህ እስከዚህ ቀጥ በዪ፣ ከዚህ እስከዚህ ሜትር!» አለች። ዳቦ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ቀጥ በዪ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ማን እየሳቀ እንደሆነ አይታያትም፤ ፊቷን ወደ እያንዳንዱ ድምፅ ታዞራለች።

ሐሙስ ሳይደርስ መምህሯ ፈርማበት አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ዓይኗን በጨው አጥባ!

አማቴ ከመኪናዋ አልተነሣችም። «ምን አድርጌሽ ነው?» አለቻት።

«ምን አደረግሽኝ? እኔ ያከበርኩሽ መስሎኛል» አለች መምህሯ። «በመጽሐፉ ውስጥ ካንቺ የተሻለ ሰው የለም።»

«ለሆድሽ ብዬ እንጂ ለወረቀት ብዬ ነገርኩሽ?»

«ልቦለድ እኮ ነው። ልቦለድ ፈጠራ ነው፤ ማንም ‹እኔ ነኝ› ሊል አይችልም።»

«የዳቦ ቦርሳውንም አንቺ ፈጠርሽው?»

መምህሯ ትንሽ አፈረች። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ ከብዕር የወጣ ደግሞ ከአፋፍም አልፎ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ቦርሳዋን አንሥታ ስትነሣ «አንድ ነገር ግን እወቂ፤ ማን እንደነገረኝ ቢሰቅሉኝም ለማንም አልናገርም» አለች። ምስጢር መጠበቅ ገና ያን ቀን ጀመረች።

ይህን ሁሉ እኔ ከመጋረጃው ሥር ቆሜ፣ የሻይ ሰሐን ይዤ ሰማሁ። አማቴም እንደሰማሁ አይታለች። እንግዲህ ማን እንደነገራት የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ ነጋሪዋ፣ ጸሐፊዋና እኔ።

ቀጥ በዪ የመጣችው በዚያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው። በፊት ለፊቱ በር። በሠላሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ስድስቱን በር አልፋ መጣች፤ ዘንግ እንኳ አልያዘችም፣ ሰው እንዳያይባት። መንገደኛው ቆሞ ያያል። እኔ ሮጬ ወንበር አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ሦስት ነበርን» አለች። «እኔ አልተናገርኩም። አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?»

አማቴ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በእጇ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። እኔ ልቤ ረግቶ ነበር፤ እውነቴን ነው። አሁን ትነግራታለች፣ ታለቅሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እኔም ውሃ አመጣለሁ ብዬ ብርጭቆ እንኳ በዓይኔ እየፈለግኩ ነበር።

«ምራቴ ናት» አለች አማቴ። «አፏ እንደማያርፍ ታውቂያለሽ። እኔም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ክው አልኩ። ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷ ጠረጴዛውን ነው የምታየው። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ያ የማያርፈው አፌ ያን ቀን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። ቀጥ በዪ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከኔ ትንሽ ወደ ግራ ያለውን ግድግዳ ነበር የምታየው።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

ለምን እንዳልካድኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ብክድ አማቴን ውሸታም ማለቴ ነው፤ ሴትዮዋ የመጨረሻዋን የምታምናትን ሰው ታጣለች፣ ወንድሟም አብሯት ያልቃል። ይህ ደጉ ምክንያቴ ነው። ሌላው ግን፣ አማቴ አሁኑኑ አፍራ ራሷ ታስተካክለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ አዎ ሆነ።

ቀጥ በዪ ስትወጣ አማቴ ክንዷን ይዛ ሸኘቻት። በአደባባይ! ተያይዘው ሲሄዱ ያየ ሁሉ አፉን ያዘ።

ተመልሳ ስትመጣ ካውያዬ ጋ ቆሜ ነበር። «ለምን?» አልኳት። «እማማ፣ ለምን?»

«አንቺ ወጣት ነሽ» አለችኝ። «ላንቺ ይረሱልሻል። ለኔ አይረሱልኝም። ሠላሳ ዓመት የሰውን ገላ የለካሁ ሴት ነኝ፤ ምስጢር አወጣች ከተባልኩ ነገ ማን ፊቴ ልብሱን ያወልቃል?»

«እኔስ ፊት?»

የተቆረጠ ጨርቅ አነሣችና መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ መስፋት ጀመረች። ሰፍታ ሰፍታ ስትጨርስ አየሁት፤ መስመሩ ዝንፍ አላለም። ከሁሉም እሱ አንጀቴን አቃጠለው።

ባሌ ቅዳሜ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፣ አለቀስኩ። ራሱን በእጁ ይዞ «እናቴ ናት፤ ምን ላድርጋት?» አለ። አላወቅኩም ምን እንደሚያደርጋት። እኔን ግን «ውሸት አትናገሪም» ሊለኝ ይችል ነበር፤ እሱንም አላለኝም።

ከተማው የሁለቱን ሴቶች ታሪክ ወደደው። መጽሐፉ ላይ ያነበበውን በዓይኑ ሊያይ መጣ። ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱ ሱቆች አንድ ሆኑ፤ ቀጥ በዪ በጣቶቿ ዳብሳ ልክ ትለካለች፣ አማቴ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። በእጅ ዳሰሳ የሚሰማ ልክ ከሜትር ይበልጣል እያሉ ከሌላ ከተማ ሁሉ ይመጣሉ። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዙረውታል። ቀጥ በዪ ለመደባለቅ ያቀረበችው አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ «ምራትሽ ባለችበት አልገባም።» አማቴ ይህን የነገረችኝ የሱቁን ቁልፍ እንድመልስላት እጇን ዘርግታ ነው።

እኔ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ባለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ተኳሽ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሸሚዝ፣ የሌላ ሰው ሱሪ። ስሜ «ራዲዮ» ሆኗል። ዳቦ ቤት ስገባ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዷ ደግሞ ሆን ብላ ጮክ አድርጋ «ኧረ ራዲዮ ተከፍቷል!» ትላለች። ሰው ጥርስ ውስጥ መግባት ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። በፊት አንዲት ቀልድ ጣል ሳደርግ ሰልፉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ቀልድ ብናገር ማንን ነካች ብለው ይመረምሩታል፤ ተውኩት። ከአማቴ ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ አንድ ማዕድ ነው የምንቀርበው። ጨው አቀብዪኝ ትለኛለች፤ አቀብላታለሁ። ያን ነገር አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቀጥ በዪ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ መጣች። አሁን ነጭ ዘንግ ይዛ በኩራት ነው የምትሄደው። አዲስ የቀጠሩት ተኳሽ አንድ ኮት አቃጥሎባቸው ኖሮ፣ ምልክቱ ይነሣ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። ማን እንደሆንኩ በድምፄ ታውቃለች ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ግን ካውያው ሲያፏጭ ሰምታ «አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

ኮቱን ተቀበልኳት። በሆምጣጤና በእርጥብ ጨርቅ አስለቀቅኩላት፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንበሯ ላይ ዘንጓን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።

«መጽሐፉ ላይ» አለች በመጨረሻ፣ «ያቺ ዓይኗ የጠፋው ሴትዮ ‹ጥቁር ጨርቅ ስይዝ ጉድጓድ ውስጥ እጄን የከተትኩ ይመስለኛል› ትላለች። አስታወስሽው?»

«አስታወስኩት።»

«ያን ያልኩት እኔ ነኝ። በዝናቡ ቀን፣ ለአማትሽ። ደግሜው አላውቅም። አንቺ ደግሞ ክር ልትገዢ ተልከሽ ነበር።»

ካውያውን አቆምኩት።

«ወንድሜን ልታይ የምትመጣው ነርስ ካነበበችልኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። «ሱቃችሁ ከመምጣቴ በፊት።»

«ታዲያ እትዬ... ታዲያ ለምን ጠየቁ?»

«ምን እንደምትለኝ ልሰማ። እሷ ‹እኔ ነኝ› ብትለኝ ተጣልቻት መሄድ ነበረብኝ፤ ክብሬ አይፈቅድልኝም። እሷ ከሄደችብኝ ደግሞ ማን ይሰፋልኛል? ባንቺ ስታሳብብ እኔም ባንቺ ተቆጣሁ። አንቺ ብትሄጂ የዳቦ ቦርሳ የሚይዝ ሰው አይጠፋም።» ይህን ያለችው ያለ ክፋት ነው፤ የጨርቅ ዋጋ እንደምትነግረኝ ያህል። «ክፉ ሥራ ነው የሠራሁት። አንቺ እንኳ እወቂው ብዬ ነው።»

እንባዬ የተኮስኩት ኮት ላይ እንዳይወርድ ፊቴን አዞርኩ፤ ማየት እንደማትችል ረስቼው። ኮቱን አጣጥፌ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። የተቃጠለውን ቦታ በጣቷ ፈለገችው፤ አጣችው። «እንዳንቺ ያለ ተኳሽ የለም» አለችና ተነሣች።

በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ዘንጓን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች።

«ይህን ግን ለሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ። «አማትሽ ጆሮ ከደረሰ እፍረቱ ይጥላታል።»

«አልናገርም» አልኳት።

ወዲያው አመነችኝ። መሐላ እንኳ አልጠየቀችኝም።